ቆጠራ ላይ ነን

ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው የሐምሌ ዝናብ ሲነጋ ወደ ካፊያ ተለወጠ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ጠፈጠፉ በማይደርስበት ጠባብ ጥግ፣ ልጆች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተደርድረዋል። አንዷ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ሹራቧ ውስጥ ወሽቃዋለች፤ ታናሽ ወንድሟን አዝላለች። ሦስት ወንዶች ልጆች ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ ተጋርተው ቆመዋል። በሩ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ቀድሞ የደረሰ መስኮቱ አጠገብ ያለውን አግዳሚ ስለሚይዝ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣ የለም።

«ጋሼ መጡ!» አለ አንዱ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በአንድ እጃቸው ቁልፍ፣ በብብታቸው ባዶ ጆንያ ይዘዋል። በሩን ከፈቱና ጆንያውን ደፉ ላይ አነጠፉት። «እግር ጥረጉ። እጅ አሳዩ።» ትንንሽ መዳፎች ተዘረጉ። ጭቃ የነካው ወደ በርሜሉ ይላካል፤ በርሜሉ ከጣሪያው የወረደው ውኃ የሚጠራቀምበት ነው። ታጥቦ፣ በልብሱ አድርቆ ሲመለስ ይገባል። ወንድሟን ያዘለችው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች፤ ከትከሻዋ በላይ ደግሞ የሕፃኑ መዳፍ ብቅ አለ። ጋሼ ሁለቱንም አይተው «ይግቡ» አሉ።

ይህች ከተማ በጉራጌ ምድር፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ያለች ናት። በዚህ ወቅት ምንም ሳያዝዙ፣ ሳንቲም ሳይከፍሉ፣ ከዝናብ ተጠልለው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ጣሪያ ብዙ የለም። ቡና ቤቱ «ምን ልታዘዝ?» ይላል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። የእምነት ቤቶችና ይህ አንድ ክፍል ብቻ ክፍት ናቸው።

እኔ በዚሁ ደጃፍ ያደግሁ ነኝ። በልጅነቴ በሐምሌ በሩ ላይ የማገኘው ግን አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ነበር። «ቆጠራ ላይ ነን» ትላለች። የቤተ መጻሕፍቱን ስም፣ የከተማዋንም ስም የማልጠራው በዚህች ወረቀት ምክንያት ነው። ያቺ ወረቀት የአንድ ከተማ ጥፋት አልነበረችም፤ በብዙ በር ላይ ተለጥፋ አይቻታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያለውን ንብረት ይቆጥራል። ወንበር ይቆጠራል፤ ጠረጴዛ ይቆጠራል፤ መጽሐፍም ይቆጠራል። በንብረት ክፍል ቋንቋ መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ ነው። የተረከበው ሠራተኛ ፈርሟልና ከጎደለ እሱ ይጠየቃል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ልጆች ጊዜ ባገኙ ማግስት መጻሕፍቱ ይቆለፉባቸው ነበር።

ከወረቀቷ ጀርባ ያለው ፍርሃት ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሠራተኛ፣ አንድ መጽሐፍ በጠፋ ቁጥር ከኪሱ እከፍላለሁ ብሎ ከሰጋ፣ ማዋስን ይጠላል። መጽሐፉን በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ካልወጣ አይጠፋም፤ ካልተነካ አይቀደድም። በሐምሌ ሲቆጠርም አንድ ሳይጎድል ይገኛል። ያን ጊዜ ሥራው በትክክል እንደተሠራ ተደርጎ ይመዘገባል። እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ምዝገባ ስሕተት መሆኑን ለመናገር ነው። የትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ዋጋው የሚለካው በተረፈለት መጽሐፍ አይደለም። ተነቦ ባለቀበት መጽሐፍ፣ የከተማው ሰውም በየወቅቱ በሚፈልገው ነገር ላይ ደርሶ በመገኘቱ ነው።

የዛሬው ጋሼ ቦታውን ሲረከቡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቆጠራውን ማፍረስ ሳይሆን ማከፋፈል ነበር። በየሳምንቱ አንድ መደርደሪያ ይቆጥራሉ፤ አንባቢ በማይበዛበት ሰዓት። ዓመቱ ሲያልቅ የሚቀረው ዝርዝሩን አገናዝቦ መፈረም ብቻ ነው። «ፋይናንስ የሚፈልገው የተፈረመ ዝርዝር ነው፤ በሩን ዝጉ ያለን የለም» አሉኝ። ቀላል ነገር ይመስላል። ለዚህች ከተማ ልጆች ግን ሁለት ሙሉ ወር ሰጥቷቸዋል።

ክረምት፦ ጣሪያና ፊደል

አበው ዓመቱን በአራት ከፍለውታል። መጸው መስከረም 26፣ በጋ ታኅሣሥ 26፣ ጸደይ መጋቢት 26፣ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል። ጋሼ የቤተ መጻሕፍቱን ዓመት የሚያስቡት በዚሁ ነው። ከጠረጴዛቸው በላይ የተለጠፈው ካርቶን አራት ቦታ ተከፍሏል። በእያንዳንዱ ሥር «ማን ይመጣል?» የሚል ጥያቄ በእስክሪብቶ ተጽፏል።

በክረምት የሚመጡት ሕፃናት ናቸው። ጠዋቱ የእነሱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የትልልቆቹ። ጠዋት ክፍሉ ዝም አይልም። አንድ ትልቅ ልጅ ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር ይጣመርና አንድ መጽሐፍ ለሁለት ይዘው ጮክ ብለው ያነባሉ። ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶች በክረምት በጎ ፈቃድ ተመዝግበው በየአግዳሚው እየዞሩ ያግዛሉ። ጠፈጠፉ፣ የቆርቆሮው ድምፅና የልጆቹ ንባብ አንድ ላይ ሲሆን መጀመሪያ የገባ ሰው ገበያ የቆመ ይመስለዋል።

ወንድሟን ካዘለችው ልጅ ጎን ተቀመጥሁ። ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ «ጦ… ጢ… ት…» አለች። ቆመች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ዓይኗ በራ፤ «ጦጢት!» ቀጣዩን ቃል ጀመረች፤ እዚያም ሦስት ጊዜ ቆመች። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ጦጢት ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት። ረስታዋለች።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን 33 ሆሄያት በ7 ቤት፣ በድምሩ 231 ቅርጽ አለው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ልጅ እያንዳንዱን ለይቶ ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን እየለቀመ የሚያነብ ከሆነ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። የንባብ ፍጥነት ለይምሰል የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ትርጉም የሚያዘው በእሱ ነው። ፍጥነት ደግሞ ከመደጋገም በቀር በሌላ አይመጣም። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም። ሁለት ዓመት ተቀምጠው የተማሩ ናቸው።

ሁለት ወር ያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል? በአሜሪካ ሀሪስ ኩፐር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ 39 ጥናቶችን አገናዝቦ ነበር። ልጆች ከረጅሙ እረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አሳየ። በንባብ በኩል ጉዳቱ የጠናው ቤታቸው አቅም ባጣ ልጆች ላይ ነበር። አገሩ ሌላ ነው፤ መጽሐፍ የሌለበት ቤት ግን የትም አንድ ነው። እዚህ ደግሞ ልጆቹ ቤት የሚያወሩት በጉራጊኛ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአማርኛው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን አማርኛውም ከጆሯቸው ይርቃል።

ጋሼ ለዚህ ያላቸው መፍትሔ አንድ መጽሐፍ ደጋግሞ ማስነበብ ነው። ጦጢትን ያነበበችው ልጅ ያንኑ ገጽ ሦስት ቀን ትመለስበታለች። በአራተኛው ቀን ለወንድሟ ታነብለታለች። እሱ ገና አፉን አልፈታም። ግን ያዳምጣል።

በዚህ አገር የልጆች መጽሐፍ ታሪክ ሲነሣ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን መዝለል አይቻልም። ነገሌ ቦረና ተወልደው ያደጉት አቶ ዮሐንስ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት 19 ዓመት ሲሆናቸው ነበር። በኋላ ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እንዲያሰባስቡ በተጠየቁ ጊዜ የአማርኛ ፈልገው አጡ። ያ ቁጭት «ሲሊ ማሞ» (Silly Mammo) የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ጋሪ ላይ መጻሕፍት ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ላኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ግን ያ የ19 ዓመት ቁጥር ነው። በኛ ከተማ ያለችው ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ መጽሐፏን ይዛለች።

መጸው፦ የመስቀል ካርቶን

መስቀል በጉራጌ ምድር ከበዓልም በላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሲነግድ የኖረው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይገባል። አስፋልቱ በመኪና ይሞላል። ቤቱ በክትፎና በቆጮ ይሞላል፤ ዕርቅ ይወርዳል፤ ትዳር ይታሰባል። የአካባቢው ተወላጅ ገንዘቡን አዋጥቶ መንገድና ትምህርት ቤት የማሠራት የቆየ ልማድ አለው። ጋሼ በዚህ ልማድ ላይ ቤተ መጻሕፍቱን ጨመሩበት። ከነሐሴ ጀምሮ አዲስ አበባ ለሚያውቁት ሁሉ ስልክ ይደውላሉ። «ለመስቀል ስትመጣ ለእናትህ የምታመጣውን አምጣ። ለልጆቹ ደግሞ አንድ መጽሐፍ።»

መስከረም 17 ሲቃረብ፣ መጸው ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ካርቶኖች መምጣት ይጀምራሉ። ከካርቶኑ የሚወጣው ሁሉ ግን አይጠቅምም። የውጭ አገር የሕግ መጽሐፍ፣ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መመሪያ፣ ገጹ የተጎመደ የካታሎግ ጥራዝ አይቻለሁ። ሰው የሚያመጣው ከመደርደሪያው የተረፈውን ከሆነ፣ የከተማዋ መደርደሪያ የትርፍ ነገር ማከማቻ ይሆናል። ስለዚህ ጋሼ ዝርዝር መስጠት ጀመሩ፦ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ተረት፣ የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናከሪያ፣ መዝገበ ቃላት። አሁን ብዙ እንግዶች ዝርዝሩን በስልካቸው ይዘው መጽሐፍ ቤት ይገባሉ።

ካርቶኑ ሲከፈት ልጆቹ ዙሪያውን ይከብባሉ። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። አመዳደቡ መልቪል ዱዊ የተባለ አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ እውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ይከፍለዋል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። እንደ አማርኛ ባሉ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ 892.8 ላይ። ትልልቆቹ ልጆች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከአዲስ አበባ ለመጡ አጎቱ «የኛ 963 ነው፤ የትም አገር ብትሄድ 963 ነው» ሲል ሰምቻለሁ። አጎትየው ቆም ብለው አዩት። የያዙት ካርቶን ላይ ሌላ መጽሐፍ የሚጨምሩ ይመስለኛል፤ የዛሬ ዓመት።

በጋ፦ ጆንያው ወደ ጀፎረ

በበጋ ቤተ መጻሕፍቱ ፀጥ ይላል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ከትምህርት መልስም ከብት ይጠብቃሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ። የጠዋቱ እንግዶች አዋቂዎች ናቸው። በጣም የሚፈለገው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ነው፤ ቀን አልፎት ቢደርስም። ወጣቶቹ ከፊት ገጽ አይጀምሩም። ገልብጠው ክፍት የሥራ ቦታና ጨረታ ያያሉ። አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ ሌላው በመዳፉ ላይ የማመልከቻውን ቀነ ገደብ ይጽፋል። የሚሞላ ቅጽ ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?» ይላሉ፤ የተጠየቀው ያነብላቸዋል። ማመልከቻቸው ተጽፎ፣ ፈርመውበት ወይም ጣታቸውን አሳርፈውበት ይወጣሉ። ይህ አገልግሎት በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም። በዚያ ጠዋት ግን ለእነዚያ እናቶች ከመጻሕፍቱ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በሐምሌ ደፍ ላይ የሚነጠፈው ጆንያ ሌላ ሥራ አለው። መጻሕፍት ይሞላና ወደ መንደር ይሄዳል። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ጀፎረን ያውቃል፤ በቤቶቹ መካከል የተዘረጋው ሰፊ ሣራማ መንገድ ነው። ሸንጎ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የፈረስ ግልቢያ የሚካሄድበት የሁሉም ደጅ። እዚያ አንድ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ይዘረጋል። መጀመሪያ አንዲት እናት በጉራጊኛ ተረት ያወራሉ። ከዚያ አንድ ተማሪ የአማርኛ መጽሐፍ ያነባል። ልጆቹ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ምንጣፍ ላይ ያገኙታል። የቤታቸው ቋንቋ የመጽሐፍ ጎረቤት እንጂ ተቃራኒ አለመሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር አላየሁም።

ባለፈው በጋ የሆነውን ላውጋ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ በተላለፈ ጊዜ፣ ማንበብ የማይችለውም ሁሉ ሰምቶታል። ፊደል ያልቆጠሩ አንድ አዛውንት ከምንጣፉ ጠርዝ ተቀምጠው ነበር። ተማሪው አንድ ገጽ ሳያውቅ ዘለለ። አዛውንቱ በትራቸውን አነሡ። «አንተ ልጅ፣ ዘለልህ።» ልጁ ገለጠና አየ፤ ሁለት ቅጠል ተጣብቆበት ነበር። ጆሮ ያስቀመጠውን ዓይን አጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛውንቱ ቅዳሜ አይቀሩም። በበጋው መጨረሻ ላይ ደግሞ ስማቸውን መጻፍ የሚያስተምራቸው ሰው ጠየቁ።

ጸደይ፦ የወንበር ወረፋ

ከፋሲካ በኋላ ክፍሉን የሚይዙት ተፈታኞች ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4 በመቶ ሆነ። ከእነዚህ ቁጥሮች በኋላ በትንሽ ከተማ ያለ ተማሪ መጽሐፍና ወንበር የሚፈልግበት መንገድ ተለውጧል። ኩረጃ እንደማያዋጣ ገብቶታል። የሚያዋጣው ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ የለም፤ አምፖሉ አንድ ነው፤ እንግዳ አይጠፋም።

በግንቦት ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ይሆናል። ወንበር አይበቃም። ወረፋው በደብተር ይያዝ ነበር፤ ማለዳ ደብተሩን አስቀምጦ የሄደ ቦታው የሱ ነው። ጋሼ አንድ ነገር አስተዋሉ። ማለዳ መጥተው ደብተር የሚያስቀምጡት ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ በዚያ ሰዓት ውኃ ላይ፣ ምድጃ ላይ ናቸው። ሲደርሱ ቦታ የለም፤ ሲመሽ ደግሞ መንገዱ ስለሚያስፈራ ቀድመው ይወጣሉ። በአንድ ቀን የሚሰሩበት ጊዜ ከሁለቱም ጫፍ ተቆርጧል። በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል ያለው ረጅም ጠረጴዛ ለሴቶች ልጆች ተለየ። የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ምሽት ላይ እስከ ዋናው መንገድ ይሸኟቸዋል። ለዚህ አንድ ብር በጀት አልተያዘም። ማን እንደማይመጣና ለምን እንደማይመጣ ማየት ብቻ ነበር የተፈለገው።

የጫማው ካርቶን

አገራችን ንባብን እንዲህ ወደ ሰው ደጅ ማድረስን ከዚህ በፊት ሞክራዋለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነበር፤ በክረምት። በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በማግስቱ ዓመት በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። አዲስ አንባቢው ያወቀውን እንዳይረሳ በየቀበሌው የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ሰው ፊደል ስለጠላ አይደለም። ከቤቱ ጋር አንባቢውን የሚያውቅ፣ መጽሐፉን የሚጠግን፣ በሩን የሚከፍት ሰው አብሮ ሳይቆም ስለቀረ ነው። በዋና ከተማችን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለን፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። በእነዚህ እንኮራለን። ነገር ግን ስምንት ዓመት የሆናት፣ ወንድሟን ያዘለች ልጅ አራት ኪሎ አትደርስም። እሷ የምትደርሰው በእግሯ ነው።

በነሐሴ ማብቂያ ጋሼ አንድ የጫማ ካርቶን አሳዩኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ የሚኖር ነው። ውስጡ ጠባብ ወረቀቶች አሉ፤ በመጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሚለጠፉት፣ መመለሻ ቀን የሚጻፍባቸው። አንዱን አነሣሁት። በሁለቱም ገጽ ሞልቷል። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተቀጥሎ፣ እሱም ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች በሰማያዊ ቀለም፣ ከዚያ በጥቁር፣ ከዚያ በእርሳስ ናቸው። የጋሼን የእጅ ጽሑፍ ለየሁ፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩትንም። ጠርዙ ላይ የቡና ቀለበት አለ።

«ይህ ፍቅር እስከ መቃብር ነው» አሉኝ። በጀፎረው የተነበበው ቅጂ አይደለም፤ ከእሱ በፊት የነበረው። ሦስት ጊዜ ሰፍተውታል፤ በጫማ ሰፊ ክር፣ በአናጺ ነጭ ኮላ፣ ከጡብ ሥር አሳድረው። በአራተኛው ገጾቹ ክር የሚይዝ ጠርዝ አልቀራቸውም።

ያለቀ መጽሐፍ ከመዝገብ የሚወጣው የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሲፈርም ነው። ያለ ፊርማ ጉድለት ነው፤ ጉድለት ደግሞ ዕዳ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ የመጣ ጊዜ የተቀዳደደውን ክምር አይቶ «የአያያዝ ጉድለት» ብሎ ሊጽፍ ነበር። ጋሼ አልተከራከሩም። ካርቶኑን አምጥተው ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ለእያንዳንዱ ያለቀ መጽሐፍ የራሱን። ከኮሚቴው አንዱ ቀኖቹን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። አንድ ቦታ ቆመ። ወረቀቱ ላይ ከቀኑ ጎን የአንባቢ ስም ይጻፋል። የገዛ እኅቱን ስም አገኘ፤ ተፈታኝ በነበረችበት ዓመት።

ፈረሙ። «በአገልግሎት ያለቀ» ብለው።

ከእነዚህ ሁለት ቃላት በላይ የምለምነው የለኝም። በየወረዳው ንብረት የሚቆጥሩ ሰዎች መጽሐፍ ሲደርሱ ጥያቄያቸውን እንዲለውጡ ነው የምሻው። ስንት ቀረ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ ወጣ ብለው ይጠይቁ። ጠያቂው እንዲያ ቢጠይቅ የመስታወቱ ቁም ሳጥን በራሱ ይከፈታል። ማዋስን የሚፈራው ሠራተኛም ይደፍራል። ሐምሌም ለልጆች ይመለሳል።

ካርቶኑን ወደ ቦታው ሲመልሱ አንዲት እጅ የጋሼን ካፖርት ከታች ጎተተች። ወንድሟን ያዘለችው ልጅ ናት። የጦጢትን መጽሐፍ ይዛለች። የኋላው ሽፋን በአንድ ጥግ ተላቋል፤ ፈርታለች።

«ጋሼ፣ ተቀደደብኝ።»

ጋሼ መጽሐፉን ተቀብለው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ወረቀቱ ላይ ለአንድ ቀን የሚሆን ቦታ ብቻ ቀርቷል። ቀኑን ጻፉበት። ከመሳቢያው አዲስ ወረቀት አውጥተው ከሥሩ ለጠፉ። ኮላው እስኪደርቅ በጣታቸው ተጭነው ያዙት፤ እሷም ቆማ ጠበቀች።